ከጋንዳራ እስከ ተድባበ ማርያም፦ የአንድ ልዑል ታሪክ ረጅም ጉዞ

በዚህ እትም ላካፍላችሁ ያሰብኩት ስለ ጥንታዊት ጋንዳራ ነው። "ደግሞ ጋንዳራ ከእኛ ጋር ምን አገናኛት?" እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።)

ልጅ ሆኜ ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ቀበሌያችን፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ በአንድ ለቅሶ ቤት ያስተማሩት ምሳሌ ከአእምሮዬ አልጠፋም። አንድ ሰው አውሬ እያሳደደው ሲሮጥ ከጥልቅ ጉድጓድ ይገባል። ሲወድቅ የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ይንጠለጠላል። ቁልቁል ቢያይ አፉን የከፈተ ዘንዶ አለ። እግሩን ካሳረፈበት ቦታ አራት እባቦች ብቅ ብቅ ይላሉ። ወደ ዛፉ ሥር ሲመለከት ደግሞ አንዲት ነጭና አንዲት ጥቁር አይጥ ሥሩን ይቆረጥማሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ከቅርንጫፉ ላይ የምትንጠባጠብ ማር አየ። ምን አለፋችሁ፣ ሁሉን ነገር ረስቶ ማሩን መላስ ጀመረ! የኔታ ሲፈቱት፣ አሳዳጁ አውሬ ሞት፣ አይጦቹ ቀንና ሌሊት፣ አራቱ እባቦች ሰውነታችን የተሠራባቸው አራቱ ባሕርያት፣ ማሩም የዚህ ዓለም ጣዕም ነው አሉ።

ዓመታት አልፈው ግቢ ገባሁ። በዓለም ታሪክ ትምህርት ስለ ጥንታዊት እስያ የቤት ሥራ ተሰጥቶን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳገላብጥ፣ ያው የጉድጓዱ ሰው ቁጭ ብሎ አገኘሁት! መጽሐፉ ምሳሌው ከጥንታዊት ሕንድ የመጣ መሆኑን ይገልጻል። በሕንዶቹ ዘንድ አሳዳጁ ዝሆን ነው። እንዴ! የኔታ ከየት አመጡት? ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ነው።

፩. ጋንዳራ የት ናት?

ጋንዳራ በዛሬው አጠራር የፓኪስታንን ሰሜናዊ ምዕራብ ክፍል፣ በተለይም የፔሻዋርን ሜዳና አካባቢውን የምትይዝ ጥንታዊት አገር ናት። በሰፊው ሲነገር ስዋት፣ ታክሲላና የምሥራቅ አፍጋኒስታን ክፍል ይጨመራሉ። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ወደ መካከለኛው እስያና ወደ ቻይና የሚያልፍ ሁሉ የሚረግጣት የመንገድ መጋጠሚያ ነበረች። የፋርስ ነገሥታት ገዝተዋታል። ታላቁ እስክንድር በ327 እና በ326 ዓመተ ዓለም ከሠራዊቱ ጋር አልፎባታል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሕንዱ ንጉሥ አሾካ አዋጆቹን በዚያው አካባቢ በሻህባዝጋርሂና በማንሴራ ድንጋዮች ላይ አስቀርጿል። ከዚያ ግሪኮች፣ ሳካዎች፣ ፓርቲያውያን፣ በመጨረሻም ኩሻኖች ተፈራረቁባት።

በዚህች መንገደኛ በማይጠፋባት አገር የቡድሃ ትምህርት ሥር ሰደደ። ገዳማት ተሠሩ፤ መነኮሳቱ ከነጋዴው ጋር አብረው እየተጓዙ ትምህርቱን ወደ መካከለኛው እስያና ወደ ቻይና አደረሱ።

፪. በዛፍ ልጥ ላይ የተጻፉ መጻሕፍት

የእኛ አባቶች ፍየልና በግ አርደው ብራና እንደፋቁት ሁሉ፣ የጋንዳራ መነኮሳት ደግሞ በርች የሚባለውን ዛፍ ልጥ ገፈው ይጽፉበት ነበር። ቋንቋው ጋንዳሪ፣ ፊደሉ ካሮሽቲ ይባላል። ካሮሽቲ ከአራማይክ ፊደል የተገኘ ሲሆን እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። አናባቢው እንደ እኛ ፊደል ከተነባቢው ጋር ተቀጥሎ በምልክት የሚለይ መሆኑ ለግዕዝ ተማሪ ደስ የሚል ነገር ነው።

በ1994 የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ከእነዚህ መጻሕፍት 29 ቁርጥራጮችን አገኘ። በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ተቀምጠው የቆዩ ጥቅልሎች ናቸው። ሪቻርድ ሰሎሞን የተባሉት ምሁር በ1999 ስለነሱ መጽሐፍ አሳትመዋል። ዘመናቸው በግምት 1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ እስካሁን ከታወቁት የቡድሂዝም የእጅ ጽሑፎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት ይመደባሉ። በውስጣቸው መዝሙራዊ ግጥሞች፣ የትምህርት ማብራሪያዎችና አጫጭር የምሳሌ ታሪኮች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ታሪኮች ባጭር ባጭሩ የተጻፉ ማስታወሻዎች ናቸው፤ መምህሩ ነገሩን በቃሉ አስፍቶ እንዲናገርባቸው የተተዉ ይመስላሉ። የኔታም እኮ ምሳሌውን ከየትኛውም ወረቀት ላይ አላነበቡትም። በቃላቸው ነው ያወረዱት።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ልንገራችሁ። እነዚህ ጥቅልሎች ከየትኛው ገዳም፣ ከየትኛው ፍርስራሽ እንደወጡ በመዝገብ የተያዘ ነገር የለም። በቁፋሮ ባለሙያ እጅ ሳይሆን በነጋዴ እጅ አልፈው ነው ለንደን የደረሱት። መጽሐፉ ተገኘ፤ አድራሻው ግን ጠፋ። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

፫. መልክ የሌለው መምህር መልክ ሲያገኝ

በመጀመሪያዎቹ ዘመናት የቡድሃ ተከታዮች መምህራቸውን በሰው መልክ አይሥሉትም ነበር። ዱካውን፣ የተቀመጠበትን ዛፍ፣ መንኰራኵር ወይም ባዶ ዙፋን ይቀርጻሉ፤ ተመልካቹ በልቡ ይሞላዋል። በ1ኛውና በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን በጋንዳራና ከጋንዳራ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በማቱራ የሰው መልክ ያለው የቡድሃ ሐውልት መሠራት ጀመረ።

የጋንዳራውን ሐውልት ፎቶግራፍ ያየ ሰው ቶሎ አይረሳውም። ጥቁር ግራጫ ከሆነ ሺስት ከሚባል ድንጋይ የተጠረበ ነው። ጸጉሩ የተጠቀለለ፣ ልብሱ እንደ ግሪክና ሮም ኩታ በጥልቅ እጥፋት የወረደ፣ ከራሱ ኋላ የብርሃን አክሊል ያለው ነው። ጠራቢዎቹ ከምዕራብ የመጣውን የግሪክና የሮም ጥበብ ከሕንዱ እምነት ጋር አዋሕደውታል። በገዳማቱ ግድግዳዎችም ላይ የሕይወቱን ታሪክ በተርታ ቀርጸውታል፦ ልደቱን፣ በቤተ መንግሥት የነበረውን ኑሮ፣ በሌሊት በፈረስ ተቀምጦ ቤቱን ጥሎ መውጣቱን፣ ከዛፍ ሥር መቀመጡን፣ ማረፉን። ማንበብ የማይችለው ምእመን ግድግዳውን እያየ ይማራል። የገድል ሥዕል ባለበት ቤተ ክርስቲያን ያደገ የቦረናና የሳይንት ልጅ ይህ አሠራር አይገርመውም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሲድሃርታ ጋውታማ የሚባል ልዑል ሲወለድ ጠቢባን "ይህ ልጅ ወይ ታላቅ ንጉሥ ይሆናል፣ ወይ ዓለምን ይንቃል" ብለው ተነበዩ። አባቱ ፈርቶ ክፉ ነገር እንዳያይ በተድላ ከለለው። ልጁ ግን አንድ ቀን ወጥቶ ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ አስከሬን፣ በመጨረሻም መናኝ አየ። ያን ጊዜ ሁሉን ትቶ ሄደ። ይህን ታሪክ በግጥም ከጻፉት ሰዎች ዋነኛው አሽቫጎሻ ሲሆን፣ የቡድሂስቶች ልማድ ከኩሻኑ ንጉሥ ከካኒሽካ ጋር ያያይዘዋል።

፬. የኩሻን ወርቅ በደብረ ዳሞ

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ሩቅ አገር ነው። አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

በ1940 በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ። ስለነሱ የጻፉት ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ሞርዲኒ ናቸው። ቁጥራቸው 105 ሲሆን የኩሻን ነገሥታት ሳንቲሞች ነበሩ። ቪማ ካድፊሴስ፣ ካኒሽካ፣ ሁቪሽካና ቫሱዴቫ የተባሉት ነገሥታት ያሠሯቸው ናቸው፤ አብዛኞቹ የሁቪሽካ ናቸው። የጋንዳራ ጠራቢዎች ቡድሃን በሚቀርጹበት ዘመን ጋንዳራን የገዙት እነዚሁ ነገሥታት ናቸው! ካኒሽካ በአንዳንድ ሳንቲሞቹ ላይ የቡድሃን መልክ ራሱ አስቀርጿል።

ይህ ድንገተኛ ነገር አይደለም። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ፣ አዱሊስ የሕንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ እንደምታስገባ ይናገራል። ያው መጽሐፍ ባሪጋዛ ስለምትባለው የሕንድ ወደብም ሲጽፍ ከጋንዳራ በኩል ዕቃ እንደሚወርድላት ይጠቅሳል። ስለዚህ አክሱምና ጋንዳራ በአንድ የንግድ ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩ ማለት ይቻላል።

፭. "ቦዲሳትቫ" "ይዋስፍ" የሆነበት መንገድ

ወርቅ ከተጓዘ ታሪክም ይጓዛል። የልዑሉ ታሪክ ግን በሌላ መንገድ፣ እጅግ ዞሮ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው።

ቡድሃ ገና ብርሃን ሳያገኝ በነበረበት ጊዜ የሚጠራው "ቦዲሳትቫ" ተብሎ ነው። ታሪኩ በመካከለኛው እስያና በፋርስ በኩል አልፎ በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ በዐረብኛ ተጻፈ። በዚያን ጊዜ ስሙ "ቡዳሳፍ" ሆነ። ከዚያ "ዩዳሳፍ" ሆነ። እንዴት? ይህን ያስረዳኝ ከልጅነቱ ቁርኣን የቀራ የክፍል ጓደኛዬ ነው። በዐረብኛ "በ" እና "የ" በቃል መጀመሪያ ላይ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለዩት "በ" ከሥሩ አንድ ነጥብ፣ "የ" ሁለት ነጥብ በማድረጋቸው ብቻ ነው። አንድ ጸሐፊ አንዲት ነጥብ ቢጨምር "ቡዳሳፍ" "ዩዳሳፍ" ይሆናል። በአንዲት ነጥብ ምክንያት ቡድሃ ስሙ ተቀየረ!

ከዐረብኛው ጆርጂያውያን ክርስቲያኖች ወደ ቋንቋቸው መለሱት፤ የክርስትናንም ትምህርት አለበሱት። ከጆርጂያኛ ደግሞ የአቶስ ተራራው መነኩሴ ኤውቲሚዮስ (በ1028 ያረፈው) ወደ ግሪክ እንደመለሰው ብዙ ሊቃውንት ይስማማሉ፤ በፊት ግን ዮሐንስ ዘደማስቆ የጻፈው ይመስል ነበር። የግሪኩ አርእስት ታሪኩ የመጣው ሕንድ ከምትባለው ከውስጠኛው የኢትዮጵያውያን አገር ነው ይላል። የጥንት ጸሐፊዎች ሕንድንና ኢትዮጵያን ይቀላቅሉ ስለነበር ነው። ከግሪክ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ሁሉ ተዳረሰ። ከግሪክ እንደገና ወደ ክርስቲያን ዐረብኛ ተመለሰ። ሩሲያዊው ቶልስቶይ እንኳ በኑዛዜው መጽሐፉ ያንን የጉድጓድ ሰው አንሥቶታል።

በክርስቲያኑ መጽሐፍ ልዑሉ ከተድላ ቤቱ ሲወጣ ሕመምተኛና ዓይነ ስውር፣ ቀጥሎም ያረጀ ሽማግሌ ያያል። ልቡ ሲታወክ በረላም የሚባል ባሕታዊ ነጋዴ መስሎ፣ "የከበረ ዕንቁ ይዣለሁ" ብሎ ይገባለታል። ዕንቁው ሃይማኖት ነው። የጉድጓዱን ሰው ምሳሌ የሚነግረውም እሱ ነው። እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ይታያል፤ ሲድሃርታ መንገዱን ብቻውን ሲያገኝ ይዋስፍ ግን ከመምህር ተቀብሎ ይጠመቃል።

፮. እንባቆምና ገላውዴዎስ

ወደ ግዕዝ የመለሱት አባት እንባቆም ናቸው። እንባቆም ከየመን የመጡ፣ በእስልምና ያደጉ ሰው ነበሩ። ኢትዮጵያ ገብተው ክርስትናን ተቀበሉ፣ መነኰሱ፣ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን ደረሱ። ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም "አንቀጸ አሚን" የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት እሳቸው ናቸው። "በረላም ወይዋስፍ"ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተረጐሙት በ1553 ሲሆን በዙፋን ላይ የነበረው አጼ ገላውዴዎስ (ከ1540 እስከ 1559) ነው።

ዘመኑን አስቡት። በ1531 በቤተ አምሐራ መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም ከነንብረታቸው ተቃጥለዋል። በ1543 ጦርነቱ ሲያከትም አገሩ ሰውም መጽሐፍም አጥቶ ነበር። ንጉሡም የእኛ ጎረቤት በሆነችው በሳይንት ተድባበ ማርያምን አሠራ፤ በ1559 በጦር ሜዳ ሲወድቅም አካሉ እዚያ እንዳረፈ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። መጽሐፍ በተቃጠለበት አገር መጽሐፍ መተርጎም ትልቅ ሥራ ነው። ዙፋንን ንቆ ስለወጣ ልዑል የሚናገር መጽሐፍ በንጉሡ ዘመን መተርጎሙ ደግሞ እኔን ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

፯. የክፍሉ ክርክርና የየኔታ መልስ

ይህን ሁሉ በክፍል ሳቀርብ አንድ ጓደኛችን ተቆጣ። "ቅዱሳችንን ቡድሃ ልትለው ነው?" አለኝ። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው "እንግዲያው የኛ መጻሕፍት ሁሉ የተቀዱ ናቸው ማለት ነው" ብሎ ሳቀ። ሁለቱም አላስደሰቱኝም፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ለእረፍት ወደ መካነ ሰላም ስመለስ ወደ የኔታ ሄድኩ።

"የኔታ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት" ብዬ ከጀመርኩ በኋላ የነጥቧን ነገር ሳይቀር ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "መጽሐፉ ከምን ተመለስኩ ይላል?" አሉኝ።

"ከዐረብኛ ይላል፣ የኔታ።"

"እንግዲያው ምን ተደበቀ ልጄ? እንባቆም አልደበቁ። ወንዝ ብዙ አገር አቋርጦ ነው የሚመጣ። አንተ ግን ስትጠጣ የምትጠጣው ከቀዳህበት ቦታ ነው።" ትንሽ ቆዩና "ምንጩን ማወቅህ ደግ ነው፤ ውኃውን ግን አታደፍርሰው" አሉኝ።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ታሪኩ ከሕንድ መነሣቱ እውነት ነው፤ ማስረጃውም በስሙ፣ በታሪኩ ቅርጽና በምሳሌዎቹ ላይ ይታያል። የግዕዙ መጽሐፍ የሚያስተምረው ክርስትናን መሆኑም እንዲሁ እውነት ነው። የመነሻውን ማወቅ የመድረሻውን ዋጋ አይቀንሰውም። ቡድሂስቱ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በየተራ ተቀብለው፣ በየራሳቸው አስተካክለው፣ ለሚቀጥለው አቀብለዋል። ወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም ባይ ነኝ።

፰. የጠፋ አድራሻ

"ኋላ እመለስበታለሁ" ያልኩት ነገር አለ። ዋሊስ በጅ የተባሉት እንግሊዛዊ በ1923 የበረላምን የግዕዝ ቅጂ ሲያሳትሙ የተጠቀሙት በብሪቲሽ ሙዚየም የነበሩትን የብራና መጻሕፍት ነው። የሙዚየሙ የግዕዝ ስብስብ ትልቁ ክፍል፣ 350 ያህል መጽሐፍ፣ በ1868 አጼ ቴዎድሮስ ከወደቁ በኋላ ከመቅደላ የተወሰደ ነው። መቅደላ እኮ ከዚሁ ከደቡብ ወሎ ነው! ዛሬ እነዚያ መጻሕፍት የሚገኙት በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ነው። የጋንዳራ የዛፍ ልጥ ጥቅልሎችም እዚያው ናቸው። የሁለት ሩቅ አገር መነኮሳት የደከሙበት ሥራ በባዕድ ከተማ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኘ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የራሳችን ቤት ነው። አያቴ ከአባታቸው የወረሱት፣ በማኅደር ተሰቅሎ የሚኖር አንድ የብራና መጽሐፍ ነበራቸው። አያቴ ካረፉ በኋላ በአንድ ክፉ ዓመት አጎቴ ለአንድ መንገደኛ ገዢ ሸጠው። አልፈርድበትም፤ ገንዘቡ እህል ሆኖ ልጆች በልተውበታል። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። የመጽሐፉን ስም ከቤተሰባችን የሚያውቅ አንድ ሰው አለመኖሩ! ገድል ይሁን፣ ድርሳን ይሁን፣ ማን ጻፈው፣ ለማን ተጻፈ፣ ማንም አልመዘገበውም። ምናልባት ዛሬ አንድ ቦታ በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። እንደ ጋንዳራ ጥቅልሎች አድራሻ የለውም።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን መምህራንና ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። ሁላችንም ለእረፍት ወደየአገራችን እንሄዳለን። የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ፣ የመስጊዱን ሸህ፣ ሽማግሌዎቹን አክብረን፣ አስፈቅደን፣ በየዕቃ ቤቱና በየሰው እጅ ያለውን ጽሑፍ ስሙን፣ የገጹን ብዛት፣ ባለቤቱንና ያለበትን ቦታ በደብተር እንመዝግብ። የግዕዙንም፣ የዐረብኛውንም፣ የዐጀሙንም። ማውጣት የለም፣ መግዛት የለም፤ መመዝገብ ብቻ። ዝርዝሩ በትምህርት ክፍላችን አንድ ቅጂ፣ በባለቤቱ ዘንድ አንድ ቅጂ ይቀመጥ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እስክሪብቶና ትሕትና ብቻ ነው የሚፈልገው።

እኔ ባለፈው እረፍት ከየኔታ ቤት ጀምሬያለሁ። በእጃቸው ያሉት አምስት መጻሕፍት ናቸው። አምስተኛውን ስጽፍ "የአያትህም እዚህ በሆነ ነበር" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስድስተኛ ተራ ቁጥር ጽፌ ባዶ ተውኩት።